ከገደሉ ማዶ የሚሰማ ቋንቋ፦ ድምፆቹን አብረን እንምረጥ

የጦሳ ጉም (ደሴ) · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ነው የምኖረው፤ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ቋንቋ ስፈጥር ቆይቻለሁ። ስሙ ሙሌና ይባላል። የምጽፈው ረጅም ተረት አለ፤ የተረቱ ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ ነው። ጦሳን በመሰለ ተራራ ላይ፣ ገደል ለገደል ይኖራሉ። ደሴን የሚያውቅ ይገባዋል፤ ጉም ሲወርድ የጎረቤት አጥር እንኳ አይታይም። እነሱም አይተያዩም፣ ይጠራራሉ። ቋንቋው የተወለደው ከዚህ ጥሪ ነው።

ድምፆቹን የመረጥኳቸው ለጆሮዬ ደስ እያሉኝ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ቨ፣ ለ፣ መ፣ ነ በብዛት አሉ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ግን አንዳቸውም የሉም። ሻካራ መሰሉኝና ገና በመጀመሪያው ሳምንት አወጣኋቸው። አናባቢዎቹ ሰባቱም እንዳሉ ናቸው። የምጽፈው በራሳችን ፊደል ነው። «ጉሙ ሲገፈፍ እንገናኝ» ለማለት እንዲህ ይባላል፦

ሰልቭን ምሌሽ ፍልሲር።

ትናንት የእህቴን ልጅ ይዤ ወጣሁ። 12 ዓመቱ ነው። እኔን ያህል ሙሌናን የሚወድ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሸለቆው ማዶ ቆመ፣ እኔ ከዚህ። ባለኝ ኃይል ጮኼ ተናገርኩ። «ምን አልሽ?» አለኝ። ሦስቴ ደገምኩለት። የደረሰው «አ... ኤ... ኢ» ብቻ ነው። ቤት ገብተን ዓረፍተ ነገሩን ጽፌ ሰጠሁት። ሲያነበው ደግሞ እኔ ከምለው ሌላ ሆነ።

ማታውን አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ድምፆቹ ላይ ምን ጎደለ? የሚያውቅ ይንገረኝ።


ፈረቃ (ኮምቦልቻ) · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ አብሽሪ። ሁለት ዓመትሽ የትም አልሄደም።

እኔ ቋንቋ አልተማርኩም። ግን አሥር ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል ሠርቻለሁ። ማሽኖቹ ሲነሱ አጠገብሽ የቆመ ሰው የሚለው አይሰማም። ስለዚህ የትኛው ድምፅ እንደሚተርፍ ጆሮዬ በልምድ ያውቀዋል። ሰ ወዲያው ይጠፋል። ፈ እና ሸም እንደዚያው። «ና!» ግን ይሰማል። «ቁም!» ይሰማል። «ተቆረጠ!» ሲባል ከመሐሉ «ቆ» ተለይታ ትመጣለች።

ለምን እንደሆነ በኋላ አንብቤ ነው የገባኝ። ሰ፣ ሸ፣ ፈ በምላስ፣ በጥርስና በከንፈር መሐል የሚያፏጭ ነፋስ ናቸው። ቀጭን ድምፅ ነው። ቀጭን ድምፅ አየር ላይ ሲጓዝ ቶሎ ያልቃል። አናባቢዎች ግን ከጉሮሮ ንዝረት ነው የሚወጡት፤ ጉልበት አላቸው። መ፣ ነ፣ ለ፣ ረም ይነዝራሉ፤ እነሱም ሩቅ ይሄዳሉ።

አንቺ ለገደል ሰዎች የሰጠሻቸው ድምፆች ሕፃን አቅፎ ለማንሾካሾክ የሚሆኑ ናቸው። ያምራሉ። ግን ሸለቆ አይሻገሩም።


ብራና (ደሴ፣ ሸዋ በር) · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። የጩኸቱን ነገር ፈረቃ ነግሮሻል። እኔ የንባቡን ልንገርሽ። ከሁለቱ የከበደው እሱ ነውና።

«ምስክር» የሚለውን ቃል ተመልከቺ። አራቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። የትኛው ሳድስ ትንሿን አናባቢ እንደሚይዝ፣ የትኛው ባዶውን እንደሚቀር ጽሑፉ አይናገርም። ክ እንደሚጠብቅም አይናገርም። ሆኖም ማናችንም አንሳሳትም። ቃሉን ከእናታችን አፍ ሰምተነዋላ! «ብርድ» ስንል ብ አናባቢ አላት፣ ር እና ድ የላቸውም። ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ ነው፣ አንዳንዴ ባዶ ነው።

አሁን «ፍልሲር»ን ልጁ ከማን አፍ ሰማው? አንቺ ፍ እና ልን አጣብቀሽ ልትጀምሪ ፈልገሽ ይሆናል። አማርኛ ግን ቃልን በሁለት ተጣባቂ ተነባቢዎች መጀመር አይወድም። «ስፖርት» የተባለውን ሰው ሁሉ «እስፖርት» የሚለው ለዚህ ነው። ልጁም ፍ ላይ የራሱን ትንሽ አናባቢ ጨመረበት። አልተሳሳተም። አንቺ ፊደላት ሰጠሽው እንጂ ፊደላቱ እንዴት እንደሚገጣጠሙ አልነገርሽውም። ስለዚህ የሚያውቀውን የአማርኛ አገጣጠም ተጠቀመ።

የጎደለሽ ይህ ነው። የድምፅ ዝርዝር አለሽ፤ የድምፅ ሥርዓት ገና የለሽም። ሥርዓት ማለት ማን ከማን አጠገብ ይቆማል፣ ማን ቃል ይጀምራል፣ ማን ቃል ይዘጋል የሚለው ነው። ለእኔ ቋንቋን ቋንቋ የሚያሰኘው እዚህ ላይ ነው።

ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውንም አትርሺ። ገና የልደት በዓል፣ ገና «እስካሁን»። ዋና የውኃው፣ ዋና የበላዩ። ሙሌና ውስጥ ይህ አለ ወይስ የለም? ካልወሰንሽ አንባቢው ይወስንልሻል።


አረንጓዴ ኮከብ (ደሴ) · ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡40

ጋሼ ብራና ያሉትን ከሌሎች ፈጣሪዎች ሥራ ላይ ላሳያችሁ። ኤስፔራንቶ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ቋንቋ ለብቻዬ እየተማርኩ ስለሆነ በደንብ የማውቀው እሱን ነው።

ፈጣሪው ዛመንሆፍ የተወለደው በ1859 ቢያሊስቶክ በምትባል ከተማ ነው። እዚያ ፖላንድኛ፣ ሩሲያኛ፣ ጀርመንኛና ዪዲሽ ይነገር ነበር። መጽሐፉን ያሳተመው በ1887 ነው። 28 ፊደል፣ አምስት አናባቢ። አንድ ፊደል ለአንድ ድምፅ። የቃሉ ክብደት፣ ማለትም ጎላ ብሎ የመነበቡ ነገር፣ ሁልጊዜ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ይወድቃል። ንፁሕ ሥርዓት ነው። ግን እሱም ያደገበትን አካባቢ ጆሮ ይዞ ነው የሠራው። «ማወቅ» የሚለው ቃል ሲጀምር ሰ እና እኛ ወደ ጸ የምናስጠጋው ድምፅ ተጣብቀው ይመጣሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ ተለማምጄ አሁንም መሐላቸው ትንሽ እ አስገባለሁ።

ሌላም አለ። ኤስፔራንቶ እንደ ኸ ያለ ድምፅ ነበረው፤ አሁንም አለው። ተናጋሪዎቹ ግን በብዙ ቃላት ላይ ቀስ በቀስ በከ ተኩት። «ኬሚስትሪ» የሚለው ቃል በኸ ጀምሮ ዛሬ በከ ነው የሚባለው። አንድ ድምፅ ብዙ ሥራ ካልተሰጠው ሰው ይጥለዋል።

ቶኪ ፖና የምትባለው ቋንቋ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። ሶንያ ላንግ በ2001 ያወጣቻት ናት። ዘጠኝ ተነባቢ፣ አምስት አናባቢ፣ በቃ። ክፍለ ቃሉ አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ ነው፤ ከፈለገ በን ይዘጋል። በቃል መጀመሪያ ላይ ተነባቢው ሊቀር ይችላል፤ ከዚያ ውጪ የለም። ቲ፣ ዪ፣ ዉ እና ዎ እንኳ ተከልክለዋል። ከየትም አገር የመጣ ሰው ያለ ብዙ ድካም ያነባታል።

ጉም፣ አንቺ ማንን እያሰብሽ ነው የምትሠሪው? የዓለምን ሕዝብ ነው ወይስ የገደሉን ሰዎች? መልሱ ድምፆቹን ይመርጥልሻል።


የጦሳ ጉም (ደሴ) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

የገደሉን ሰዎች ነው። ምንም አልጠራጠርም።

ጋሼ ብራና፣ የነገሩኝን ሁለቴ አነበብኩት። «ፍልሲር» ላይ ፍ እና ልን አጣብቄ እንደነበር እንዴት አወቁ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ግን ያስቸግረኛል። የሚሰማ ድምፅ ስፈልግ መንገዱ ሁሉ ወደ ጠ እና ቀ ይመልሰኛል። ለገደሉ ሰዎች የምፈልገው ገር አንደበት ነው። ጠ እና ቀ ደግሞ የቁጣ ድምፅ ሆነው ይሰሙኛል።


ፈረቃ (ኮምቦልቻ) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

ጤዛ። ጨረቃ። ጣፋጭ። ጠል። ቆንጆ። ቅኔ። ፀሐይ። ጧፍ። ፍቅር።

እህቴ፣ ከእነዚህ ውስጥ የቱ ነው ቁጣ? ገር ቃል ስንፈልግ እጃችን የሚሄደው እዚያው ነው።


አረንጓዴ ኮከብ (ደሴ) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ፈረቃ ልክ ነው። ልጨምርበት። በ2009 በወጣው «አቫታር» ፊልም ውስጥ ናቪ የሚባል ቋንቋ አለ። ፖል ፍሮመር የተባለ የቋንቋ ሊቅ ነው የሠራው። በጫካ የሚኖሩ ሰዎች ቋንቋ ነው። ለሱ ብሎ የመረጣቸው ድምፆች ምን ይመስሉሻል? ጰ፣ ጠ፣ ቀ! በፊልሙ የተሰማው ናቪ በ፣ ደ፣ ገ የለውም፤ እነዚህ ሦስቱ ግን አሉት። ተዋንያኑ ስንት ተለማምደው ያወጡትን እኛ «ውኃ ጠጣ» ስንል በነፃ እናወጣዋለን።

ድምፁ እንዴት እንደሚሠራ ራስሽ ሞክሪው። ትንፋሽሽን ያዢ። ጉሮሮሽን ዝጊ። አሁን «ጥ፣ ጥ፣ ቅ፣ ቅ» በዪ። ይወጣል አይደል? «ት» እና «ክ»ን ግን ትንፋሽ ሳትለቂ ማውጣት አትችዪም። ጠ እና ቀ የሳንባ አየር አይፈልጉም። ጉሮሮ ይዘጋል፣ ማንቁርት ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ አፍ ውስጥ የታሰረው አየር ይጨመቅና ይፈነዳል። ፈንጂ ድምፆች የሚሏቸው ለዚህ ነው።

እንዲያውም ካሌብ ኤቨረት የሚባል ተመራማሪ በ2013 አንድ ጽሑፍ አወጣ። 567 ቋንቋዎችን አይቶ፣ እነዚህ ድምፆች በከፍታ ቦታ በሚነገሩ ቋንቋዎች ውስጥ ይበዛሉ አለ። የኢትዮጵያ ደጋ አንዱ ማስረጃው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለተራራ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ድምፅ አይገኝም!


ከሚሴ በር (ከሚሴ) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

የከፍታውን ነገር በልኩ እንያዘው፤ ኤቨረትን የተቹት ብዙ ናቸው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ጆሯችሁ ይደፈናል እንጂ ጠ አይቀንስም። እኔ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። ኦሮምኛም ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ አለው፤ ቆላም ደጋም ይነገራል። አፋርኛ በቆላ ይነገራል፤ እነዚህ ድምፆች የሉትም። እዚህ ድረስ ለኤቨረት ይመቻል። ግን ዩካታን የሚባለው የሜክሲኮ አገር ሜዳ ነው፤ የዚያ አገር ማያዎች ቋንቋ እነዚህን ድምፆች ሞልቶ ነው ያለው። በምዕራብ አፍሪካ ቆላ የሚነገረው ሐውሳም እነዚህ ድምፆች አሉት። ጎረቤት ከጎረቤት ድምፅ ይዋሳል። ከከፍታው ይልቅ እኔ ይህን አምናለሁ።

ጉም፣ ለአንቺ ግን ሌላ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ኦሮምኛ አምስት አናባቢ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ አጭርና ረጅም አለው። «ላፋ» በአጭሩ ሲባል መሬት ነው፤ ሁለቱም አናባቢ ሲረዝም ለስላሳ ማለት ነው። አናባቢ ማርዘም ለጥሪ ይመቻል ብለሽ ልታስገቢ ትችያለሽ። ተጠንቀቂ። ሰው ከሩቅ ሲጠራ ሁሉንም ነገር ያረዝማል። ርዝመት የቃል ፍቺ ከያዘ፣ ገደሉ ላይ የቆመው ሰው «መሬት» ሲልሽ «ለስላሳ» ትሰሚያለሽ። ርዝመትን ለጥሪው ተዪለት።


የመድረሳ ልጅ (ደሴ) · ማክሰኞ፣ ንጋት 11፡50

አሰላሙ ዐለይኩም። ሱብሒ ሰግጄ ነው ያነበብኩት፤ ደስ አለኝ።

እኛ ቁርአን ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምንማረው መኽረጅ ነው። እያንዳንዱ ሐርፍ (የአረብኛ ፊደል) ከየት እንደሚወጣ። ከጉሮሮ ታችኛው ጫፍ፣ ከመሐሉ፣ ከምላስ ሥር፣ ከምላስ ጎን፣ ከከንፈር። በታወቀው አቆጣጠር 17 ቦታ ነው። ኡስታዛችን ቃፍን ስናነብ «ያ የአማርኛው ቀ ነው፤ ወደ ውስጥ መልሰው» እያለ ያስቆመን ነበር። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ውስጥ ያለውን ያየሁት። ቀ ስል ምላሴ የት እንደሚነካ ከዚያ በፊት አስቤ አላውቅም።

የኔ እህት፣ አንቺም ለእያንዳንዱ ድምፅ ቦታውን ጻፊለት። ልጁን አፉ ውስጥ የት እንደሚነካ አሳዪው። ፊደል ብቻውን አያደርስም።

የወሎ ዑለሞች መንዙማን በዐጀም ሲጽፉ ይሄው ነገር ገጥሟቸዋል። አማርኛን በአረብ ፊደል ነው የሚጽፉት። አረብኛ ጠ የለውም፤ ያለው ጧ ነው፣ ከጉሮሮ የማይፈነዳ ወፍራም ድምፅ። እነሱ ግን ለጠ እሱን ወሰዱት። አንባቢው አማርኛ ስለሚያውቅ ትክክለኛውን ጠ ያወጣዋል። የአንቺ አንባቢ ሙሌናን አያውቅም። ልዩነቱ እሱ ነው።


ፈረቃ (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡15

የመድረሳ ልጅ፣ ወዐለይኩም ሰላም። ማሻአላህ፣ ጥሩ ነገር አመጣህ።

እኔም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆነን ሰፈር ውስጥ የሚስጥር ቋንቋ ነበረን። ከእያንዳንዱ ድምፅ ኋላ ዘ እንሰካ ነበር። «ሰላም» ሲሆን «ሰዘላዛም»። ትልልቆቹ አይገባቸውም። አሁን ሳስበው፣ «ብርድ»ን «ብዝርድ» ነበር የምንለው። ሦስት ፊደል ነው፤ እኛ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዘ የሰካነው። ማንም አላስተማረንም። «ብርድ» አንድ ትንፋሽ መሆኑን ጆሯችን ያውቅ ነበር።

ጉም፣ ይህን ለእህትሽ ልጅ ስጪው። የሙሌናን ቃላት በዚህ ጨዋታ ይበላቸው። ዘ የት እንደሚሰካ ካመነታ፣ ቃሉ ገና አልበሰለም ማለት ነው።


ብራና (ደሴ፣ ሸዋ በር) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

የብዝርዱ ፈተና ከእኔ ማስተማሪያ ሁሉ ይበልጣል። እውነቴን ነው።

ልጄ፣ ድምፅን ከቋንቋሽ መቀነስ ያሳዝንሻል መሰለኝ። ሰባቱን አናባቢ ሁሉ የያዝሽው ለዚህ ነው። እስኪ ቅኝቶቻችንን አስቢ። አራት ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ አገር ስም ይጠራሉ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው። ክራር ደርዳሪው ሌሎቹን ድምፆች አጥቶ አይደለም። ባቲን ባቲ ያደረገው የተዋቸው ድምፆች ናቸው። አንዱን ብትጨምሪበት ሌላ ይሆናል።

የሳድስን ችግር የሚፈታ አንድ ሐሳብ አለኝ። ኧ እና እን ከሙሌና አውጪ። አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኦ ብቻ ይቅሩ። ያኔ ሳድስ ፊደል ባየሽበት ቦታ ሁሉ ባዶ ተነባቢ ነው፤ ሌላ ንባብ የለውም። አንድ ፊደል አንድ ሥራ ብቻ ይኖረዋል። ግዕዙ ረድፍ ሥራ ፈት ይሆናል፤ ለሌላ ጊዜ ይቀመጥ።

ክብደቱንም ወስኚ። በቤተ ክህነት የግዕዝ ንባብ ሲያስተምሩ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ ብለው ቃሉን ይከፍሉታል። ተማሪው ፊደል ከቆጠረ በኋላ ወራት የሚፈጅበት እሱ ነው። ቃል የሚነሣበትና የሚወድቅበት ቦታ ከሌለው የሞተ ነው።


የጦሳ ጉም (ደሴ) · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡45

ሁለት ሌሊት ሠራሁ። ከመጀመሪያ ጀምሬ። ደብተሩን አጠገቤ አድርጌ ያላችሁኝን አንድ በአንድ እያነበብኩ ነው የሠራሁት።

አናባቢ፦ አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኦ። ኧን ሳወጣ አዘንኩ። የስሜ መጀመሪያ አናባቢ ነበረች።

ተነባቢ፦ ም፣ ን፣ ል፣ ር፣ ይ፣ ው፣ ብ፣ ድ፣ ግ፣ ጅ፣ ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ስ። አሥራ አራት ናቸው። ቨ፣ ፈ፣ ሸ ወጡ። ት፣ ክ እና ችም ወጡ። ማክሰኞ ማታ ከልጁ ጋር ግቢ ውስጥ ሞከርን፤ ፊቱን አዙሮ ስናገር ት እና ጥ ይምታቱበታል፣ ድ እና ጥ ግን አይምታቱበትም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ የሚነዝርና አንድ የሚፈነዳ፦ ድ ለጥ፣ ግ ለቅ፣ ጅ ለጭ። ብ ብቻዋን ቀረች። ጵን አልፈለግኋትም።

ስን ማውጣት አልቻልኩም። ፈረቃ፣ ሸለቆ እንደማትሻገር አውቃለሁ። ስለዚህ ቦታ ሰጠኋት። የገደሉ ሰዎች ቤት ውስጥ፣ እሳት ዳር ሲያወሩ ስ ይላሉ። ሲጠራሩ ይተዋታል። «ሱማ» እናት ናት፤ ከማዶ ስትጠራ «ኡማ» ትሆናለች። ልጁ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ቆይቶ «ስለዚህ ስ የቅርብ ሰው ድምፅ ናት» አለኝ።

ክፍለ ቃል፦ አንድ ተነባቢ፣ አንድ አናባቢ። መዝጊያ ካስፈለገ ን፣ ም፣ ል ወይም ር ብቻ። ቃል በሁለት ተነባቢ አይጀምርም። ጥሪ ላይ ስ ስትወድቅ ብቻ ቃል በአናባቢ ይጀምራል። ክብደቱ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ላይ ነው። ሲጠራሩ ግን የመጨረሻው አናባቢ ይረዝማል፤ ርዝመት ፍቺ የለውም። ከሚሴ በር፣ ይህ ያንተ ነው።

ጠብቆ መነበብን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አውጥቼው ነበር። ልጁ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋል። ጥ፣ ቅ፣ ጭ ከሁለት አናባቢ መሐል ሲገቡ ያጠብቃቸዋል። ሌሎቹን ያላላቸዋል። አላዘዝኩትም። ደጋግሜ አዳመጥኩት፤ አንድም ጊዜ አልዘለለም። እኔም ሕግ አደረግሁት። መጻፍ አያስፈልገውም፤ ቦታው ራሱ ይናገራል።

ሙሌና የሚለው ስም ከአዲሱ ሕግ ጋር ስለሚሄድ እንዳለ ቀረ። ሙ-ሌ-ና። ዓረፍተ ነገሩ አሁን እንዲህ ነው፦

ኑላ ዳጦን ሜቂራ።

ኑላ ጉም ነው። ዳጦን ሲገፈፍ። ሜቂራ እንገናኝ። በዘ ጨዋታ «ኑዙላዛ ዳዛጦዞን ሜዜቂዚራዛ» ሆነ። ልጁ አንዴም አላመነታም።


ፈረቃ (ኮምቦልቻ) · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡30

«ስ የቅርብ ሰው ድምፅ ናት።» ይህን ልጅ አደራሽን።

የማጥበቁ ነገር እኔም ጆሮ ላይ ትክክል ነው። ጥ ሲጠብቅ ከመፈንዳቱ በፊት ጸጥታው ይረዝማል። ጫጫታ መሐል የምንሰማው ድምፁን ብቻ አይደለም፤ መቋረጡንም ነው።


አረንጓዴ ኮከብ (ደሴ) · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡55

የመቋረጡን ነገር ካነሳችሁ፣ ላ ጎሜራ የምትባል የስፔን ደሴት አለች። ሸለቆዋ ጥልቅ ነው። ሰዎቿ ስፓኒሽን በፉጨት ይነጋገሩበታል፤ ከተራራ ተራራ ኪሎ ሜትሮችን ይሻገራል። ዩኔስኮ በ2009 በቅርስነት መዝግቦታል። በፉጨቱ ውስጥ አናባቢ የድምፁ ከፍታ ነው፤ ተነባቢ ደግሞ ፉጨቱ የሚጎብጥበትና የሚቋረጥበት ቦታ ነው። የእህትሽ ልጅ ያደረገው ከዚህ ይቀራረባል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ር እና ል ሁለቱም ክፍለ ቃል የሚዘጉ ከሆነ ከሩቅ ይለያያሉ? ቢቻል አንዱን ብቻ ተዪ።


ከሚሴ በር (ከሚሴ) · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡20

በር እና ል ላይ አልስማማም። ር ይርገበገባል፣ ል አይርገበገብም። ጥሩ ር ያለው ሰው ከጅረት ማዶ ይሰማል። በቦታው ሞክሩት እንጂ በወረቀት አትቁረጡት።


የጦሳ ጉም (ደሴ) · እሑድ፣ ከቀኑ 10፡10

ሞከርነው።

ጠዋት ጉም ነበር፤ ልጁ እስኪገፈፍ እንዳንጠብቅ ለመነኝ። «የተረቱ ሰዎች አይጠብቁም» አለ። እውነቱን ነው። ባለፈው የቆምንበት ቦታ ቆምን። እኔ አላየውም፣ እሱም አያየኝም። «ኑላ ዳጦን ሜቂራ» አልኩ፣ መጨረሻውን አርዝሜ።

ትንሽ ጸጥ አለ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ «ሜቂራ» የሚል መጣ። ቂ ላይ ያለው ጸጥታ እንኳ ተሰማኝ። ሁለት ዓመት ወረቀት ላይ ብቻ ያየሁት ቋንቋ ከሌላ ሰው አፍ፣ ከማላየው ቦታ ተመለሰልኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት አጠገቤ ቆሙ። «ልጄ፣ የየት አገር ቋንቋ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ደግመሽ በዪው አሉኝ። አልኩት። እሳቸውም ሞከሩት፤ «ዳጦን» ሲሉ ጥን አጠበቁት። ማንም ሳይነግራቸው።

ር እና ል ይለያሉ፤ ከሚሴ በር ልክ ነህ። ልጁ በአሥር ቃላት ፈትኖኝ አንዱን ብቻ ነው የሳትኩት። ስለዚህ ሁለቱም ይቆያሉ።

አንድ አዲስ ጥያቄ ግን ይዘን ተመለስን። «ቡ» ሙሌና ውስጥ መጠየቂያ ናት፤ ከቃሉ መጨረሻ ትጣበቃለች። «ዳጦንቡ?» ማለት «ተገፈፈ ወይ?» ነው። ልጁ ግን ሁልጊዜ «ዳጦምቡ» ይላል። እኛም «አንበሳ» ጽፈን «አምበሳ» ነው የምንለው። ሙሌና ውስጥም ን ከብ በፊት ም ትሁን? ወይስ የገደሉ ሰዎች ይለዩዋታል? ጋሼ ብራና፣ የመድረሳ ልጅ፣ እስከ ቅዳሜ አስቡበት። ቅዳሜ ተመልሰን እንወጣለን።


የመድረሳ ልጅ (ደሴ) · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

በቁርአን ንባብ ኑን ሳኪን (አናባቢ የሌላት ን) ከባ በፊት ስትመጣ ሚም ትሆናለች። ኢቅላብ ይባላል። አፍንጫ ውስጥ ትንሽ ትቆያለች። ልጁ የተናገረው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ስትወጡ ንገሩኝ። ከማዶኛው በኩል እኔ እቆማለሁ።